ሁለት ሐይቅ፣ አንድ ተራራ፣ አምስት ቀን፦ አርባ ምንጭና ዶርዜ ላይ በእውነት ማረፍ ለሚፈልግ

አንድ ጓደኛዬ ከአርባ ምንጭ ሲመለስ «እንዴት ነበር?» አልኩት። «አሪፍ ነበር፣ ግን ሞቻለሁ፤ እረፍት ያስፈልገኛል» አለኝ። ከእረፍት የመጣ ሰው ነው እንግዲህ! ለካ በሦስት ቀን ውስጥ ጫሞን፣ አርባውን ምንጭ፣ ነጭ ሳርን፣ ዶርዜን አዳርሶ፣ ኮንሶንም «እግረ መንገዴን» ብሎ ነክቶ ነው የተመለሰው። አልፈረድኩበትም። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ያደረግኩት ይኼንኑ ነው። ከዚያ ጉዞ በደንብ የማስታውሰው የመኪናውን ወንበር ነው።

ሁለተኛ ስሄድ ግማሹን ሰረዝኩ። ሦስተኛ ስሄድ ከቀረው ላይም ግማሹን። ከዚህ በታች ያለው በመሰረዝ የተገኘ እቅድ ነው። ላንጋኖ ወይም ወንጪ ለመሄድ ያሰባችሁም ሐሳቡን ወስዳችሁ የቦታውን ስም መቀየር ትችላላችሁ። እኔ ግን አርባ ምንጭን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። ከታች ዓባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ከላይ የጋሞ ተራሮች ቆመዋል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ዶርዜን አልፋ ያለችው ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ። በመሀላቸው ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ግድም ብቻ ነው። ጠዋት በቲሸርት ላባችሁን ስትጠርጉ የነበራችሁ ሰዎች ማታ ጋቢ ትደርባላችሁ።

መጀመሪያ ወሩን ቁረጡ

የአዲስ አበባን ሰማይ አይታችሁ ለአርባ ምንጭ አትወስኑ። እዚያ ዋናው ዝናብ የሚመጣው በሚያዝያና በግንቦት ነው። በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ሌላ ዙር አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ በጭቃ ስትታሽ፣ ሐይቁ ዳር ያን ያህል ላይዘንብ ይችላል፤ ላይ ጨንቻ ግን ያው ጉምና ካፊያ ነው። ከሁሉም የሚመቸው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ዝናቡ እስኪመጣ ታች ያለው ሙቀት ይከብዳል።

መስቀል ለብቻው ይታይ። ለጋሞ ሰው የዓመቱ ትልቁ በዓል እሱ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ሲሸምን የከረመው ሁሉ ሥራውን አስቀምጦ አገሩ ይገባል። ድግሱ ቀናት ይፈጃል፣ ደስ የሚል ሰሞን ነው። ለማረፍ ግን አይሆንም፤ ትራንስፖርቱም አልጋውም ይጠፋል። ቤቱ የሚጠራችሁ ሰው ካላችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ ሌላ ወር ያዙ።

በገናና በጥምቀት መሀል መሄድ ካሰባችሁ ቢያንስ ከወር በፊት አልጋ ያዙ። ዲያስፖራውም፣ የቢሮ ሰውም፣ ፈረንጁም በዚያው ሰሞን ነው የሚመጣው።

ቀኑን ቁጠሩ፣ ከዚያ ቀንሱ

አምስት ቀን፣ አራት ሌሊት። ከአምስቱ ሁለቱ የመንገድ ናቸው፤ ከእረፍት አትቁጠሯቸው። የቀሩትን ሦስቱን እንዲህ አድርጓቸው፦ አንዱ የጫሞ፣ አንዱ የዶርዜ፣ አንዱ የምንም።

የምንም ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፉት። የምሬን ነው። ባዶ ከተተወ አንድ ሰው ይሞላዋል። በየቡድኑ «እስከዚህ መጥተንማ ሳናይ አንመለስም» የሚል ሰው አይጠፋም። ከጓደኞቻችሁ መሀል ፈልጋችሁ ካጣችሁት እናንተው ናችሁ።

ነጭ ሳርስ? ሜዳው ውብ ነው፤ የሜዳ አህያው በነጭ ሣር መሀል ሲግጥ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን ውስጥ ያለው መንገድ ያንገጫግጫል፤ ጠንካራ መኪናና አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ለዚህ ጉዞ ተዉት። ኮንሶንም እንደዚሁ። በድንጋይ የተካበው እርከኑና መንደሮቹ የዓለም ቅርስ ናቸው፤ በአንድ ከሰዓት «ነክቼው ልምጣ» የሚባሉ አይደሉም።

አሁን የማደሪያውን ቅደም ተከተል አስተካክሉ። በመኪና የምትሄዱ ከሆነ ሦስቱን ሌሊት አርባ ምንጭ፣ የመጨረሻውን ዶርዜ አድርጉት። ወደ ዶርዜ የሚወጣው መገንጠያ ያለው ወደ ሶዶ በሚመልሳችሁ መንገድ ላይ ስለሆነ በነጋታው ከዚያው ወደ ቤት ትነሳላችሁ። በአውሮፕላን ከሄዳችሁ ተቃራኒውን አድርጉ፦ ዶርዜን መሀል ላይ አስገቡት፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ታች እደሩ። የተራራው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ በዝናብና በጉም ጠዋት ለበረራ እየተጣደፉ መውረድ አያስፈልግም።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል ነው፤ 450 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሌላው በሞጆና በሻሸመኔ ዞሮ ሶዶ ላይ ይገናኛል፤ ወደ 500 ይጠጋል። በየትኛውም ብትሄዱ ሙሉ ቀን ነው።

የመጀመሪያው ያጥራል፣ ደጋውም ደስ ይላል። ሁለተኛው የሐይቆቹ መስመር ነው፦ ቆቃ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታ፣ ሻላ። ሕፃናት ወይም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ካሉ እኔ በዚህኛው ሄጄ ሐዋሳ አድራለሁ። ጉዞው ስድስት ቀን ይሆናል። እናታችሁ ጉልበታቸው ሳይዝል ከመኪና ሲወርዱ አንድ ቀን መጨመሩ አይቆጫችሁም።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቡ። ማታ መንገዱ የከብት፣ የጋሪና መብራት የሌለው የጭነት መኪና ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ በዚያው መስመር የሚመላለስ ሹፌር ፈልጋችሁ «ሰሞኑን መንገዱ እንዴት ነው?» በሉት። ከማንም የተሻለ እሱ ያውቃል። «በዚህኛው አትሂዱ» ካላችሁ አትከራከሩት።

ነዳጅ ባገኛችሁበት ሙሉ። ማደያው ባዶ ሆኖ የሚጠብቃችሁ «እዚያ ስንደርስ እንቀዳለን» ያላችሁ ቀን ነው።

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ብሩ ካለ አትሰስቱ፤ ሁለት የመንገድ ቀን ወደ እረፍት ይዞርላችኋል። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የገባችሁ ከሆነ ለሀገር ውስጥ በረራው ቅናሽ ይኖር እንደሆነ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

አልጋ ስትይዙ ስልክ ደውሉ

አርባ ምንጭ ሁለት ክፍል ናት። ሲቀላ ታች ነው፦ ገበያው፣ ግርግሩ፣ ባጃጁ። ሴቻ ላይ ነው፤ ገደሉ ጫፍ ላይ ያሉት ማደሪያዎች ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል ያያሉ። ለዚህ ጉዞ የምትከፍሉት ለዚያ እይታ ነው። የምንም ቀናችሁን የምታሳልፉት እዚያ በረንዳ ላይ ስለሆነ አልጋው ላይ ቆጥቡ ብዬ አልመክርም፤ ከፈለጋችሁ ምግብ ላይ ቆጥቡ።

ፎቶ አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ። እኔ አንዴ «ሐይቁን የሚያይ ክፍል» ብዬ ከፍዬ ገባሁ። መስኮቱን ስከፍት የጎረቤት ግድግዳ። እንግዳ ተቀባዩን ብጠይቀው በጣም በትሕትና «ከጣሪያው ላይ ይታያል ጋሼ» አለኝ። ወጣሁ። እውነትም ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ሲቆሙ ይታያል።

ስለዚህ ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ። አልጋው ላይ ተቀምጬ ሐይቁ ይታየኛል ወይ? አጎበር አለው? ያልተቀደደ? ውሃ ቀኑን ሙሉ አለ ወይስ በሰዓት ነው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚነሳው መቼ ነው፣ ከክፍሌስ ምን ያህል ይርቃል? ቅዳሜ ሠርግ አላችሁ? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትናቋት። በዲጄ እየተናወጡ ሐይቅ ማየት የራሱ ጣዕም አለው፣ ግን እረፍት አይባልም።

ዶርዜ ላይ በቀርከሃ ጎጆ የሚያሳድሩ አሉ። መጸዳጃው ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ በሉ፣ ሳትተኙ።

ሻንጣና ጤና

ሁለት አገር ስለምትሄዱ ሁለት ዓይነት ልብስ ያዙ፦ ቀለል ያለ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ለታች፣ ሹራብና ካልሲ ለላይ። ጋቢ ከቤት አትያዙ፤ ዶርዜ ጋቢ ይዞ መሄድ ጅማ ቡና ይዞ እንደመሄድ ነው። የእጅ ባትሪ፣ ኮፍያ፣ ፓወር ባንክ። በቃ።

ወባን ግን ቀልድ አታድርጉት። አርባ ምንጭ ወባ ያለበት ቆላ ነው፤ በተለይ ዝናቡ ካባራ በኋላ ይበረታል። ማታ እጅና እግራችሁን ሸፍኑ፣ የሚቀባ ነገር ተቀቡ፣ አጎበሩን ፍራሹ ሥር ወትፉት። ከውጭ የምትመጡት ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የመከላከያው ክኒን ከጉዞው ቀድሞ ይጀመራል። «ተወልጄ ያደግኩበት አገር ነው» አይሠራም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ከወባ ጋር መቼ ተዋወቀና! ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ ቶሎ ተመርመሩ፤ የት እንደነበራችሁም ንገሯቸው።

ዋና አይታሰብም። ጫሞም ዓባያም አዞ አለባቸው። መዋኘት የግድ ከሆነ ላንጋኖ ሂዱ።

የጫሞ ቀን

ጀልባውን ከዋዜማው ተነጋገሩበት። ዋጋው ብዙ ጊዜ ለጀልባው በሙሉ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ከምትሄዱ ሌላ ቤተሰብ ፈልጋችሁ ብትጋሩ ይረክሳል። የአጃቢው፣ የመግቢያው፣ የጀልባው እያለ በየደጃፉ እንዳይጨመርባችሁ ድምሩን አንድ ላይ ጠይቁ። የመንሳፈፊያ ጃኬት እንዳለ በዓይናችሁ እዩ። «አለ» ማለትና መኖር ይለያያሉ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ውሃው ላይ ሁኑ። አዞ ደሙ የሚሞቀው ከፀሐይ ነው፤ ሲነጋጋ ከውሃው ወጥቶ ዳር ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። «የአዞ ገበያ» የሚሉት ቦታ ይኼ ነው። የሚሸጥም የሚገዛም የለም፤ ስሙ የመጣው እንደ ገበያ ስለሚሰበሰቡ ነው። ባለ ጀልባው ሞተሩን ሲቀንሰው መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። የወደቀ ግንድ ይመስላችኋል። ከዚያ ግንዱ አፉን ከፍቶ ታገኙታላችሁ። አፉን የሚከፍተው ተቆጥቶ አይመስላችሁ፤ ሙቀቱን እያበረደ ነው። ጉማሬዎቹ ደግሞ ጆሮና ዓይናቸውን ብቻ አስቀርተው ይጠልቃሉ። «ትንሽ ጠጋ በል» አትበሉት ሹፌሩን። ለጉርሻ ብሎ ሊጠጋላችሁ ይችላል፤ ጉማሬ ግን ጉርሻ አይቀበልም።

እስከ አምስት ሰዓት ትመለሳላችሁ። ከዚያ ዓሣ። ጥብሱን፣ ጉላሹን፣ ዱለቱን አንድ አንድ አዝዛችሁ ተካፈሉ። ትኩስ የሆነውን ለማወቅ «ዛሬ ምን ገባ?» ማለት ይበቃል። በጾም ከሄዳችሁ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር መኪና ውስጥ ጨርሳችሁ ውረዱ፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ አያልቅም።

የምንም ቀን

ጠዋት ቡናችሁን ይዛችሁ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ከፊታችሁ ሁለቱ ሐይቆች አሉ፤ አንዱ ቀላ ብሎ ቡናማ፣ ሌላው ሰማያዊ። ቀላ ያለው ዓባያ ነው፤ ወንዞች የሚያመጡት ደለል ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው ቀለሙ። በመሀላቸው ያለችው ጠባብ ከፍታ «የእግዜር ድልድይ» ትባላለች። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ቀለሙ ይለዋወጣል። ይኼን ለማየት የሚያስፈልገው ወንበር ነው።

ቀትር ላይ ሙቀቱ አያስወጣም፤ ተኙ። አሥር ሰዓት ላይ እግራችሁን ማፍታታት ካሰኛችሁ ከተማው ስሙን ያገኘባቸው ምንጮች ያሉበት ጫካ ቅርብ ነው። ዛፉ ትልልቅ ነው፣ ጥላው ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ከሥር ይፈልቃል። አርባውን ለመቁጠር አትሞክሩ። ዝንጀሮና ጦጣ ስለማይጠፋ ሙዛችሁን ቦርሳ ውስጥ ደብቁ።

ካላሰኛችሁም ቅሩ።

የዶርዜ ቀን

ወደ ላይ ስትወጡ በየመታጠፊያው ሕፃናት እየጨፈሩ፣ በእጃቸው እየቆሙ ከመኪናው ጋር ይሮጣሉ። ያሳሳሉ። ግን በመስኮት ብርም ከረሜላም አትወርውሩ፤ ጎማ ሥር የሚያስገባቸው እሱ ነው። ልትረዱ ከፈለጋችሁ ላይ ስትደርሱ ከእናቶቻቸው ግዙ።

አስጎብኚ ያዙ፣ የመንደሩን ልጅ። ዋጋውን በቅድሚያ፣ ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ ፈቃድ። «ሳሮ» ብላችሁ ሰላምታ ብትጀምሩ ፊቱ ሁሉ ይፈታል። የጋሞን ሽማግሌዎች ምናልባት ታስታውሷቸዋላችሁ፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት እነሱ ናቸው። መንደሩ ውስጥ ሽማግሌ ሲያልፍ ቆም በሉ።

ቤቱን ከሩቅ ስታዩት የዝሆን ፊት ይመስላል፤ መግቢያው ኩንቢው ነው። በቀርከሃ ተጠልፎ የተሠራ ነው። አዲስ ሲሆን ከፎቅ ይስተካከላል። ከዚያ ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፣ በየዓመቱ ያጥራል፤ ሲያስፈልግ ሰው ተሰብስቦ አንሥቶ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ባጠረ ቁጥር ባለቤቱም እያረጀ ነው፤ ቤቱን አይቶ የትዳሩን ዕድሜ መገመት ይቻላል።

አትቸኩሉበት የምለው ግን ቆጮውን ነው። ጓሮ ውስጥ አንዲት እናት የእንሰቱን ግንድ ሳንቃ ላይ አጋድማ፣ በእግሯ ደግፋ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ትፍቀዋለች። ነጩ ለብቻ ይወርዳል፣ ቃጫው በእጇ ይቀራል። ነጩ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፤ ለወራት ይብላላል። ሌላውን ጉድጓድ ስትከፍት ሽታው ይመጣባችኋል። አፍንጫችሁን አትያዙ! ከዚያ ታወጣዋለች፣ በቢላ ደጋግማ ትከትፈዋለች፣ በቅጠል መሀል አሳስታ ምጣድ ላይ ታሳርፈዋለች። ከሽታው ምንም አይቀርም። ትኩሱን ቆርሳችሁ አንዱን ጫፍ ዳጣ፣ ሌላውን ማር አስነኩት። በጎን አረቄ ይቀርባል። የሚነዳው ሰው ይለፈው።

ጋቢ የምትገዙ ከሆነ ከሸማኔው ቤት ግዙ። እሱ መቀመጫው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ቁጭ ብላችሁ እዩ፤ ፈትሉ የሴቶቹ ነው፣ ሽመናው የወንዶቹ። አንድ ጋቢ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ዋጋ ስትከራከሩ ድምፃችሁ ትንሽ ይቀንሳል።

ማታ ጉሙ መንደሩን ይውጠዋል። እሳት ይነዳል። ስልኩም ኔትወርክ ካጣ እሰየው።

መመለሻው

ሰኞ ሥራ ካላችሁ ቅዳሜ ግቡ። ከዶርዜ ቁርስ በልታችሁ፣ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ መንገድ ዳር ሙዝና ማንጎ ግዙ። ማንጎውን ላይኛው ሻንጣ ሥር አታድርጉት፤ ሶዶ ሳትደርሱ ጭማቂ ይሆናል። እሑድ ቤት ተቀምጣችሁ የቀረውን ሙዝ እየበላችሁ ነው የሚውለው። ጋቢውን ወዲያው አትጠቡት። ለጥቂት ቀን የዶርዜ ጭስ ይሸታል።